«አይዞሽ ብቻ አትበሉኝ»

ባለፈው ሳምንት ስለ አማትና ምራት ያነሳነው ነገር ብዙ ደብዳቤ አምጥቶብናል። እሱን ለሚቀጥለው አቆይተን ዛሬ አንዲት እህታችን የላከችውን እንመልከት። ደብዳቤዋ አራት ገጽ ነው። ማንነቷን የሚያሳብቁትን ነገሮች አውጥቼ፣ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። እናታችን ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ ነው የምላት። 37 ዓመቷ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለፈው ዓመት ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘና ካንሰር ነው ተባለ። ጡቷ በኦፕራሲዮን ተነሳ። ከዚያ ስምንት ዙር ኬሞ ታዘዘላት። ስድስቱን ጨርሳለች፣ ሁለት ቀርቷታል። አሁን ግን አልሄድም ብላለች። ‹እዚያ ከምትወስዱኝ እዚሁ ቤቴ ልሙት› ትላለች።

ገና ታክሲው ወደ ሆስፒታሉ መታጠፊያ ሲደርስ ያስመልሳታል። መድኃኒቱ እኮ ገና አልተሰጣትም! መጀመሪያ አካባቢ ብርቱካን ይዘንላት እንሄድ ነበር፤ አሁን ብርቱካን ቤት አይገባም፣ ሽታው ብቻ ያንገሸግሻታል። ባሏ ‹ፍርሃት ነው፣ ልብሽን አጠንክሪ› ይላታል። አክስታችን ደግሞ ‹እምነት ጎድሏት ነው፣ በሽታውንም ያመጣችው በሐሳብ ብዛት ነው› ትላለች። ማታ አትተኛም። ፀጉሯ ካለቀ ጀምሮ መስታወቱን በነጠላ ሸፍናዋለች። አንድ ቀን ሁላችንም ከበናት ስናጽናናት ‹አይዞሽ ብቻ አትበሉኝ› ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አሜሪካ ያለች የአጎታችን ልጅ ደውላ እዚያ ካንሰር ለያዘው ሰው የሥነ ልቦና ሕክምና አለ፣ ዓይነቱም ብዙ ነው፣ በቡድንም ለብቻም ይሰጣል አለችኝ። የትኛው ነው የሚሻለው? ወይስ የፈረንጅ ወሬ ነው? ቀጠሮዋ የወሩ መጨረሻ ላይ ነው። ስሜ አይገለጽ፣ ከአዲስ አበባ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሰኞ ዕለት ነው። ቀጠሮው ስላሳሰበኝ ተራ ሳላስጠብቅ አስቀድሜዋለሁ። እንደምታውቂው እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሳይኮሎጂስትም አይደለሁም። የማነብ፣ የምጠይቅና የምጽፍ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምልሽን ይዘሽ ወደ እትዬ ሐኪም ሂጂበት እንጂ ሐኪሙን በእኔ አትተኪው።

«የትኛው ይሻላል?» ላልሽው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ታክሲው እናውራ። ለእኔ እንደሚመስለኝ እትዬን ኬሞውን ያስጠላት የሞት ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ያ መታጠፊያ ነው።

መድኃኒቱ ሳይሰጥ ገና መንገድ ላይ ማስመለስ ማስመሰል አይደለም። የእምነት ጉድለትም አይደለም። በካንሰር ሕክምና ውስጥ የታወቀ ነገር ነው፣ ብዙ ሕሙማን ከጥቂት ዙር በኋላ ይደርስባቸዋል። ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ለውሾቹ ምግብ ሲሰጥ አብሮ ድምፅ ያሰማቸው እንደነበር ትምህርት ቤት ተምረሽ ይሆናል። ከጊዜ በኋላ ምግቡ ሳይመጣ በድምፁ ብቻ ለሃጫቸው ይዝረበረብ ጀመር። የእትዬም ሆድ እንደዚያው ነው የተማረው። ስድስት ጊዜ በዚያ መታጠፊያ አለፈች፣ ስድስት ጊዜ የሆስፒታሉን ሽታ አሸተተች፣ ከዚያ ሲያስመልሳት አደረ። ብርቱካኑም አብሮ ተወነጀለ። አሁን ሆዷ መድኃኒቱን አይጠብቅም። ይሄ በፈቃድ የሚሆን ነገር ስላልሆነ «ልብሽን አጠንክሪ» ስለተባለች አይቆምም። እንዲያውም ሰው ሲቆጣት በማቅለሽለሹ ላይ ሐፍረት ይጨመርበታል።

ይህንን ነገር ጋሪ ሞሮው የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ፈትኖታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጥናት 60 የካንሰር ሕሙማንን በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንደኛውን ቡድን ቀጥሎ የምነግርሽን ዘዴ አስተማሩት። ሁለተኛውን ቡድን ባለሙያ ቁጭ ብሎ አዋየው፣ ጭንቀቱን አዳመጠው። ለሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም። ማቅለሽለሹ በደንብ የቀነሰው በአንደኛው ቡድን ነው። መዋየት መልካም ነገር ሆኖ ሳለ ለዚህኛው ችግር ግን ያን ያህል አልረዳም። ልብ በይ፣ የጥያቄሽ ግማሽ መልስ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ «ለምኑ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዘዴውን ጆሴፍ ዎልፒ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ነው በ1950ዎቹ ለፍርሃት ሕክምና ያወጣው። መጀመሪያ ሰውነትን ማላላት ይለመዳል። በጀርባ ተጋድሞ ወይም ወንበር ላይ ተደግፎ የእግር ጣቶችን ጭብጥ አድርጎ ጥቂት ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፤ ከዚያ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ እጅ፣ ትከሻ፣ ፊት። ትንፋሹ ቀስ ይላል። ይሄ በቀን አንድ ሁለቴ ይደረጋል። (ቀዶ ሕክምና ባለፈበት በኩል ያለውን ክንድና ትከሻ አታጨናንቂው፣ ሐኪሙ ካልፈቀደ ይለፍ።) ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ ይጻፋል። ለእትዬ ለምሳሌ የቀጠሮ ካርዱን ማየት፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ልብስ መልበስ፣ ታክሲ ውስጥ መግባት፣ መታጠፊያው፣ በሩ፣ ወንበሩ፣ መርፌው። ሰውነቷ ላልቶ እያለ ዓይኗን ጨፍና የመጀመሪያውን ብቻ ታስባለች። ሆዷ መገላበጥ ከጀመረ ሐሳቡን ትታ ወደ ማላላቱ ትመለሳለች። ካርዱን እያሰበች ሆዷ ዝም ካለ ወደ ልብሱ። መቸኮል የለም። ይህን በባለሙያ እጅ ቢሠራ ነው የሚመረጠው። ሳይኮሎጂስት እስክታገኙ ግን ሰውነት ማላላቱን ዛሬ ማታ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። አንቺም አብረሻት ተጋደሚና አድርጊው፤ ብቻዋን ስትሠራ አንቺ ቆመሽ ካየሻት ሌላ ምርመራ ይመስላታል።

ከዚህ ጎን ለጎን ለሐኪሙ ነገሩን አትሸፋፍኝ። «ትንሽ ታቅለሸልሻለች» ሳይሆን «መድኃኒት ሳትወስድ መንገድ ላይ ያስመልሳታል፣ በዚህ ምክንያት ሕክምናውን ልታቋርጥ ነው» በይው። ከኬሞ በኋላ የሚመጣውን ማስመለስ የሚቆጣጠረው መድኃኒት ሊስተካከል ይችላል። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሌሊትና በዕለቱ ጠዋት የሚሰጥ የሚያረጋጋ መድኃኒትም አለ። ሐኪሞች ፋታ የላቸውም፤ ካልነገርሽው አይጠይቅሽም። ብርቱካኑን መተዋችሁ ደግ አድርጋችኋል። የምትወደውን ሌላ ምግብም ያን ቀን አታቅርቡላት፣ እሱም ጠላት እንዳይሆን። የሚቻል ከሆነ በሌላ መንገድ ሂዱ።

አሁን ወደ አሜሪካዊቷ የአጎት ልጅ ወሬ እንምጣ። ወሬ አይደለም። ጂሚ ሆላንድ የምትባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1977 ኒውዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ለሕሙማኑ ጭንቀት የተለየ የሥነ አእምሮ አገልግሎት ከጀመረች ወዲህ ነገሩ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ዓይነቱ ግን እውነትም በዝቷል።

ብዙ የተጠናው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው ነው። ትኩረቱ ሐሳብና ድርጊት ላይ ነው። እትዬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅታ «ልጆቼ እናት አልባ ሊሆኑ ነው» ብላ ስታስብ ባለሙያው «ውሸት ነው፣ አታስቢ» አይላትም። «ይህን ያሰብሽው ምን ስለተባልሽ ነው? ሐኪሙ ምን አለሽ? ምኑን አንቺ ጨመርሽበት?» ይላታል። ያወቀችውንና የፈራችውን ለይታ ወረቀት ላይ ታስቀምጣለች። ቀኑንም እንዲሁ፤ ሙሉ ቀን ከመተኛት አንድ ትንሽ ሥራ፣ የልጁን ፀጉር ማበጠርም ቢሆን፣ ይታቀዳል። ለንደን ውስጥ ግሪርና ሙሪ የተባሉ ሐኪሞች ይህንኑ ለካንሰር ሕሙማን አስተካክለው እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት ጭንቀቱ መቀነሱን አሳይተዋል። በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ ስለሆነ ለእንቅልፍ ማጣትና ለሚሽከረከር ሐሳብ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሞክረው ይሄን ነው።

በቡድን የሚደረገው ደግሞ ትልቅ ታሪክ አለው። ዴቪድ ስፒገል የሚባል የስታንፎርድ ሐኪም የጡት ካንሰራቸው ወደ ሌላ አካል የተሰራጨባቸውን ሴቶች በየሳምንቱ ሰብስቦ ለቤተሰብ የማይነገረውን፣ ሞትንም ጭምር፣ በግልጽ እንዲነጋገሩ አደረገ። ቆይቶ መዝገባቸውን ሲያገላብጥ በቡድኑ የነበሩት በአማካይ 36.6 ወር፣ ያልነበሩት ደግሞ 18.9 ወር መኖራቸውን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1989 ይህ ሲታተም ዓለም ጉድ አለ። «ተነጋገሩና ዕድሜያችሁ ይረዝማል» የሚል ተስፋ በየቦታው ተሰማ። እንግዲህ ሳይንስ ደግሞ መልሶ መፈተን ይወዳል። ካናዳ ውስጥ ፓሜላ ጉድዊንና ባልደረቦቿ በ235 ሴቶች ላይ ሞክረው በ2001 ውጤቱን ሲያወጡ ዕድሜን አላረዘመም። ስፒገል ራሱ በ2007 ደግሞ ሞክሮ እንደ መጀመሪያው አላገኘም። በካናዳው ጥናት ግን የሴቶቹ ስሜት ተሻሽሏል፤ ሕመሙም ቀልሎላቸዋል፣ በተለይ ከመጀመሪያው ክፉኛ ለተጨነቁት። ስለዚህ ማንም መጥቶ «የሥነ ልቦና ሕክምና ካንሰር ያድናል» ቢልሽ ኪስሽን ጠብቂ። ሌሊቱን ግን ሊያሳጥረው ይችላል፣ እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ማይንድፉልነስ የሚሉት ነው። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው የስምንት ሳምንት ሥልጠና ነው። ትንፋሽን እየተከታተሉ ሐሳቡ ሲመጣ ሳይታገሉት ሳይከተሉትም ማሳለፍን ያስተምራል። ምንጩ ከቡድሃ ሃይማኖት ቢሆንም በሆስፒታል የሚሰጠው ሃይማኖት የለበትም፤ ይህን የምለው አክስትሽ ስለሚጠይቁ ነው። ሊንዳ ካርልሰን የምትባል ካናዳዊት ከቡድኑ ሕክምና ጋር ፊት ለፊት አወዳድራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ጥናቷ 271 ከጡት ካንሰር ሕክምና የወጡ፣ ግን ጭንቀት ያለባቸው ሴቶች ነበሩ። የጭንቀት ምልክቶችን በመቀነስ ማይንድፉልነሱ በለጠ። ግን ሴቶቹ ሕክምናቸውን የጨረሱ መሆናቸውን አትርሺ። ለምታስመልስ ሰው «ቁጭ ብለሽ ሆድሽን ታዘቢ» ማለት ጥሩ አይመስለኝም። ለእሷ ጊዜው ኋላ ነው።

ሌሎችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሕክምናው ካለቀ በኋላ «ይመለስብኝ ይሆን?» እያሉ በየራስ ምታቱ ለሚሸበሩ አውስትራሊያ ውስጥ የተዘጋጀ አለ፤ በ2017 ከሰውነት ማላላት ሥልጠና ጋር ተወዳድሮ ፍርሃቱን በመቀነስ በልጧል። በሽታው ለገፋባቸው ደግሞ ከናዚ ካምፕ በሕይወት በወጣው በቪክቶር ፍራንክል ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ዊልያም ብራይትባርት ኒውዮርክ ላይ ያዘጋጀው የሕይወትን ትርጉም የሚያስፈልግ ሕክምና አለ። ካናዳዊው ቾቺኖቭ ደግሞ በመጨረሻ ዘመናቸው ላይ ያሉ ሰዎችን የሕይወት ታሪካቸውንና ለቤተሰብ ማለት የሚፈልጉትን አስነግሮ፣ ጽፎ ይሰጣቸዋል። እነዚህ እጅግ የሚያስከብሩ ናቸው፤ ሁለት ዙር የቀራትን ሴት ግን ዛሬ ኑዛዜ አታጽፏት።

እንግዲህ ሁሉም ሲደመር? ጀርመናዊው ፋለርና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2013 198 ጥናቶችን፣ ከ22,000 በላይ ሕሙማንን አንድ ላይ አይተዋል። ጥቅሙ ከትንሽ እስከ መካከለኛ ነው አሉ፤ የበለጠ የሚጠቀሙትም ጭንቀታቸው ከፍ ያለው ናቸው። ተአምር የለም፣ ባዶም አይደለም። እትዬ የቱ ጋ እንዳለች ለማወቅ አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ነገር አለ። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ያለው ቴርሞሜትር ይሥሉና «ባለፈው ሳምንት ምን ያህል ተጨነቅሽ?» ይላሉ። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ይያት ይባላል። ወረቀት ላይ ሥለሽ ስጫት። በአፏ ያልነገረችሽን በጣቷ ልታሳይሽ ትችላለች።

እዚህ አገር የት ይገኛል ትዪኝ ይሆናል። መጀመሪያ የምትታከምበትን ሆስፒታል ጠይቂ፤ ትልልቆቹ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፣ ሐኪሙ መላክ ይችላል። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙትን የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲንም ሄደሽ ጠይቂ። ከሁሉ ግን ሕክምናውን የጨረሰች፣ ፀጉሯ የበቀለ አንዲት ሴት ፈልጊላት። በኬሞው ወረፋ ላይ ከሚቀመጡት መካከል አታጪም። እኛ አገር ቡድን ለመሥራት ትልቁ ችግር ብዙ ሕሙማን ሕመማቸው አለመነገሩ ነው፤ ቤተሰብ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ይደብቃል። የእናንተ እትዬ ግን አውቃዋለች፣ ይሄ ዕድል ነው። ደግሞ ሳይኮሎጂስት ጠፋ ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሐኪም በሠፈር ያሉ እናቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጧቸዋል። የተጨነቀ ሰው ይመጣል፣ እማማ «እስቲ ልብህን ክፈትልኝ» ይሉታል፣ ከችግሮቹ አንዱን ይመርጣሉ፣ መፍትሔ አብረው ይፈልጉለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የቀረባቸው 13.7 በመቶ ሲሆኑ በተለመደው አገልግሎት ከቆዩት ግን 49.9 በመቶ ነበሩ። ለካንሰር ሕሙማን ተብሎ የተሠራ ባይሆንም ዲግሪ የሌለው ሰው ማዳመጥን ከተማረ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል።

ስለ አክስትሽ አንድ ነገር ልበል፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። «በሐሳብ ብዛት ያመጣችው ነው» የሚለው ይቁም። 1,093 የራስና የአንገት ካንሰር ሕሙማን ተጠንተው በ2007 ሲታወቅ ስሜታቸው ጥሩ የነበረውና መጥፎ የነበረው በዕድሜ አልተለያዩም። እትዬ ብታለቅስ ካንሰሩ አያድግም። ታልቅስ። ጠበል መሄድ ከፈለገች ሐኪሟን ጠይቃ ትሂድ፣ በኬሞ ሰሞን ሰውነት በቀላሉ ስለሚበከል ነው። ቀጠሮውን ግን አይተካ። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ አንቺ በሩ ላይ ቁሚ። የኛ ሰው ሲጠይቅ «ውይ እንዴት ከሳሽ!» ይልና ቡናው ሳይፈላ በዚሁ በሽታ የሞተች የጎረቤቱን ታሪክ ይጀምራል። በደግነት እኮ ነው! ግን ማታ ያንን ይዛ የምትተኛው እሷ ናት።

አንድ የማስጠንቅቅሽ ነገር አለ። «ቤቴ ልሙት» ያለችው ከማቅለሽለሹ የተነሳ ነው ብዬ ገምቻለሁ። ልሳሳት እችላለሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ነገር ካላስደሰታት፣ ምግብ ከዘጋች፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ካበዛች ወይም ራሷን ስለማጥፋት ፍንጭ ከሰጠች የወሩን መጨረሻ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጃት። ስለ መሞት ብትጠይቂያት ሐሳቡን አትሰጫትም፤ በቀጥታ ጠይቂያት። የድብርት መድኃኒት ቢታዘዝላትና ታሞክሲፌን የምትወስድ ከሆነ ለሚያዘው ሐኪም ንገሪ። ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲንን የመሰሉት የታሞክሲፌንን ሥራ ስለሚያደናቅፉ ሌላ ዓይነት ይመረጥላታል።

ባሏን አትጣዪው። «ልብሽን አጠንክሪ» የሚለው የሚለው ስለጠፋው ይመስለኛል። የሚሠራ ነገር ስጪው፤ በቀጠሮው ቀን የሚወስዳት እሱ ይሁን፣ በሌላ መንገድ፣ ወሬውን ስለ ልጆቹ አድርጎ። የነጠላውን ነገር ተዉላት፤ መስታወቱን ማን መቼ እንደሚገልጠው እሷ ታውቃለች። «አይዞሽ ብቻ አትበሉኝ» ላለችሽም ዛሬ ማታ ሌሎቹ ሲተኙ ገብተሽ አጠገቧ ተቀመጪና «ከሁሉም የሚከብድሽ የቱ ነው?» በያት። ከዚያ ዝም በይ። ብዙ ዝም ብትልም አንቺ አትቅደሚ።

የሰባተኛው ዙር ዕለት እንዴት እንደዋለች ጻፊልኝ።